የቆፈረ ይቅዳ

የባለቤቴን ሱሪ ለብሼ ጉድጓድ በገባሁበት ዕለት፣ ይህ ነገር ሦስት መንደር ሰብስቦ ያስፈርዳል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስቄ በሸኘሁት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጭልጋ ወደ ቆላ ከወረድን ገና ዓመት አልሞላንም። ጣሊያን መተማ ዮሐንስ ላይ ሰፍሮ መንገዱን ይጠብቃል እንጂ ከመንገዱ ራቅ ያለውን ዱር እምብዛም አይደፍረውም ነበርና፣ ብዙ የደጋ ሰው ወደዚያ ይወርድ ነበር። እኛም ከወረደው ጋር ወረድን። ከሸሕዲ የግማሽ ቀን መንገድ ገባ ብለን ሰሊጥና ማሽላ ዘራን። መሬቱ የሰጡትን አብዝቶ የሚመልስ ለጋስ መሬት ነበር። የጎደለን ውሃ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ ሰው የሚወስደው ወንዝ ጥር ሲገባ አሸዋ ብቻ ይሆናል። እኛ ሴቶቹ እንስራ አዝለን እስከ ታችኛው ኩሬ እንወርዳለን፤ ስንመለስ ግማሹን በመንገድ ጠጥተን እንጨርሰዋለን። በዚህ ምክንያት የመንደራችን ሹም አንድ ቀን ሰው ሰብስበው፣ ከመንደሩ መሐል ጉድጓድ ይቆፈር፣ የፈቀደ ቤት አንድ አንድ ቆፋሪ ያውጣ አሉ። አምስት ቤት ፈቀደ፤ አንዱ የእኛ ነበር። ሹሙ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው ቁጥብ፣ ያሉትን የማያጥፉ ሰው ነበሩ። መንደሩን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ከሳቸው በፊት እዚያ ቦታ ላይ ጎጆ የሠራ አልነበረም።

ቁፋሮው ሊጀመር ሲል ባለቤቴን ወባ ጣለው። ቆላው ሰውን እየጠበሰ፣ እሱ በቀትር ሁለት ጋቢ ደርቦ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። ሹሙ ሊጠይቁት መጥተው፣ ግድ የለም ሲሻለው ያካክሳል ብለውኝ ሄዱ። እኔ ግን ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ እንደማይሻለው አየሁ። ጉድጓድ ደግሞ የታመመ አይጠብቅም። አባቴ ጎንደር ድረስ የታወቀ ግንበኛ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ድንጋይ ሳቀብለው ነው ያደግሁት። ስለዚህ በማግሥቱ ሱሪውን ለብሼ፣ ወገቤን በጠፍር አስሬ፣ ዶማ ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ ከጋቢው ውስጥ ሆኖ አየኝና፣ ከእኔ ይልቅ ለአንቺ ልክ ነው አለኝ።

አራቱ ወንዶች መጀመሪያ አፍረው ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ኋላ ለመዱ። የላይኛው አፈር ዋልካ ነው፤ ዶማን ይዞ አይለቅም። ከዋልካው በታች ኮረት መጣ፤ ከኮረቱ በታች አለት። አለቱ ላይ ሲደረስ ሰዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ያገኙትን ቦታ ሲደበድቡ ከረሙ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሥሩን ፈለግሁ፤ ድንጋይም እንደ እንጨት ሥር አለው፣ በሥሩ ካልመቱት አይከፈትም። መሮ አስገብቼ በመዶሻ ስመታው ተሰነጠቀ። በአራተኛው ቀን ከስንጥቁ ጭቃ የመሰለ ነገር ፊቴ ላይ ፊጭ አለ። ውሃ ነው ብዬ ስጮህ ከላይ ያሉት ሰዎች ገመዱን ለቀው መዝለል ጀመሩ፤ እኔን ከጉድጓዱ ማውጣቱን ሁሉ ረሱት። እልልታው ሲያበቃ ነው ያስታወሱኝ።

ውሃው በጠራ በሳምንቱ ሹሙ ሰው ሰብስበው የመቅጃ ተራ አወጡ። ቆፋሪዎቹ ጧት ጧት በቅድሚያ ይቀዳሉ፤ ሌላው ሰው ከእነሱ በኋላ። አራት ቤት ጠሩና ዝም አሉ። የእኛን ቤት አልጠሩትም። እኔ የረሱኝ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ምርኩዙን ይዞ ብድግ አለና፣ ሹሙን፣ አባቴ፣ የእኔን ቤት ዘለሉት አላቸው። እሳቸውም በክፋት ሳይሆን የሚያምኑበትን እንደሚናገር ሰው አስረዱት፦ ሕጉ “የቆፈረ” ይላል። አንተ ታመህ አልቆፈርክም። ሚስትህ ቆፍራለች፣ ውለታዋን እናውቃለን፤ ነገር ግን ሕጉ “የቆፈረች” አይልም።

ሕጉ ያሉት ምን እንደሆነ ልናገር። ጣሊያን ሲገባ የድሮው ገዥ ሸፈተ፤ ዳኛውም አብሮ ሄደ። ለጣሊያን ሹም አቤት ማለት ደግሞ ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ነው። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ሦስት መንደሮች ተሰብስበው ውል ተዋዋሉ። አንዱ የእኛው የደጋ ወራጆች መንደር ነው። ሁለተኛው ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ጨርቅና ጨው እያመጡ የሚነግዱ የእስላሞች መንደር ነው። ሦስተኛው ከወሎ የመጡ ገበሬዎች መንደር ነው። ውሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተጻፈ። አጭር ስለነበር ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፦ “ሦስቱ መንደር በጥበቃ፣ በገበያና በውሃ አንድ ነው። የቀረው ነገር የየመንደሩ ነው። የሰረቀ ይመልስ። ለጥበቃ የተጠራ ይውጣ። ጉድጓድ የቆፈረ አስቀድሞ ይቅዳ፤ የቀረውን አይከልክል።” ከየመንደሩ አንድ አንድ ሽማግሌ ለዳኝነት ተመረጠ። በውሉ የተነሣ ነገር ካለ ሦስቱ በገበያ ቀን ከገበያው ዳር ባለው ሾላ ሥር ተቀምጠው ያዩታል።

አስቀድሞ መቅዳት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጉድጓዱ አዲስ ነው፤ ጧት ጧት የሚያጠራቅመው ውሃ አራት አምስት ቤት ያጠግብና ከዚያ በኋላ ጭቃ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ጭቃ ቀዳሁ። እኔው በሰነጠቅሁት ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ እኔው ያወጣሁትን ውሃ ሌላው ሲቀዳው እያየሁ። በስምንተኛው ቀን ለባለቤቴ፣ ሾላው ሥር እሄዳለሁ አልኩት። እሱ በተፈጥሮው ጠብ የማይወድ፣ ድምፁ ለዶሮ እንኳ የማይበቃ ሰው ነው። ትንሽ አሰበና፣ እንግዲያው እኔም እመጣለሁ፣ አንቺ ስትደክሚ ውሃ አቀብልሻለሁ አለኝ። የሚያቀብለኝም ያው ጭቃ እንደሆነ ሁለታችንም ስላወቅን ሳቅን።

በገበያው ቀን ሾላው ሥር የተሰበሰበው ሰው ሰሊጥ ሊሸጥ የመጣ ሳይሆን እኔን ሊያይ የመጣ ይመስል ነበር። ሦስቱ ዳኞች በግንዱ ላይ ተቀምጠዋል። የእኛ መንደር ዳኛ መሪጌታ ናቸው፤ ውሉን በእጃቸው የጻፉትም እሳቸው ናቸው። የነጋዴዎቹ ዳኛ ፈቂ ይባላሉ፤ ቁርኣን ያስተምራሉ፣ ነጭ ጀለብያ ለብሰው ወረቀቱን በቆዳ ከረጢት አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት እሳቸው ናቸው። የወሎዎቹ ዳኛ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ፣ ፈገግታ የማይለያቸው አዛውንት ገበሬ ነበሩ።

ሹሙ ገና ሳልጀምር፣ ሴት በባሏ አፍ ትናገር አሉ። ዳኞቹ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። እሱም ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ ስለ ጉድጓዱ የማውቀው ነገር የለኝም፣ ያን ጊዜ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፣ የምታውቀው እሷ ናት አለና ተቀመጠ። ሰው ሳቀ። መሪጌታም ተናገሪ አሉኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አደግድጌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሆነውን ተናገርኩ።

ሹሙ መልስ ሲሰጡ ነገራቸውን ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው፣ እናንተ ይህንን ልትዳኙ አትችሉም የሚል ነው። ጉድጓዱ ከመንደራችን አጥር ውስጥ ነው፣ የቆፈርነው እኛ ነን፣ ከሁለቱ መንደር አንድ ሰው እንኳ አካፋ አላነሣም። በውሃ አንድ ነን የሚለው የወንዙን ኩሬ ነው፤ የቀረው የየመንደሩ ነው ተብሎ ተጽፏል፣ እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ሁለተኛው፣ ብትዳኙም እንኳ ሕጉ “የቆፈረ” እንጂ “የቆፈረች” አይልም የሚል ነው። የጻፍነው እኛው ነን፣ ያን ዕለት ሴት ትቆፍራለች ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እዚህ የተቀመጣችሁትም ታውቃላችሁ አሉ። ንግግራቸው የተደራጀ ነበር። እኔ ራሴ በልቤ፣ እኒህ ሰው እውነት አላቸው እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ።

መሪጌታ፣ ምን ትመልሻለሽ አሉኝ። ወረቀቱን በቃሌ ከመጀመሪያው ጀምሬ በልቤ አነበነብኩት። “የሰረቀ ይመልስ” የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

“ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ” አልኩ። “ውሉ ‘የሰረቀ ይመልስ’ ይላል። ‘የሰረቀች’ አይልም። እንግዲህ ‘የቆፈረ’ የሚለው እኔን ካልጨመረ፣ ‘የሰረቀ’ የሚለውም አይጨምረኝም ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ገበያ የወደድኩትን ባነሣ ማን ይከሰኛል?”

መጨረሻ የሳቁት የወሎው አዛውንት ናቸው። ግማሹን ሳይሰሙት ቀርተው ጎረቤታቸው በጆሯቸው ከነገሯቸው በኋላ ስለሆነ፣ ሰው ስቆ ሲያበቃ እሳቸው ጀመሩና ሰው እንደገና ሳቀ። ጨው የሚሸጡት ሴቶች ጨዋቸውን ወደራሳቸው ሰበሰቡ።

ሹሙ ግን አልሳቁም፤ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ከዚያም፣ “መልካም፣ እንግዲያው ሌላም ቃል አለ” አሉ። “‘ለጥበቃ የተጠራ ይውጣ’ ይላል። ‘የቆፈረ’ አንቺን የሚጨምር ከሆነ ‘የተጠራ’ም ይጨምርሻል። ውሃውን ይዘሽ ጥበቃውን ልትተይ ነው?”

ጥበቃ ማለት ከብት ነጂ ሽፍታ እንዳይመጣና የሰሊጡ ክምር እሳት እንዳይነካው ኮረብታው ላይ ጦር ይዞ መዋል ነው። ባለቤቴን ዞሬ አየሁት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ አንቺ ታውቂያለሽ ማለቱ ነው።

“ከጠሩኝ እወጣለሁ” አልኩ።

ዳኞቹ ተነሥተው ከሾላው ማዶ ሄደው ተመካከሩ። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሰው ሁሉ ፀሐዩ ከብዶት ጥላ ጥላውን ያዘ። ሲመለሱ ሦስቱም አንድ ቃል እንዳልሆኑ ከአካሄዳቸው ያስታውቅ ነበር። እንደ ደንቡ እያንዳንዳቸው ፍርዳቸውን ቆመው ተናገሩ።

መጀመሪያ ፈቂ ተነሡ። ልጅቷ በነገሩ እውነት አላት፣ በእኛም በዐረብኛው ጽሑፍ በወንድ የተነገረ ቃል ሁለቱንም ይሰበስባል፣ በዚህ ክርክር የለኝም አሉ። ነገር ግን ልንዳኘው አይገባም ነበር፤ ሹሙን ራሳቸውን ለምነን መንደራቸው እንዲያስተካክለው ማድረግ ነበረብን አሉ። “ወላሂ፣ ዛሬ ለዚች ልጅ ብለን በሰው መንደር አጥር እንገባለን። ነገ ለክፉ ነገር የሚገባ ሲመጣ በሩን የከፈትነው እኛ ነን።” ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም፣ የሚገርመው፣ ነቀነቅሁ።

መሪጌታ ተከተሉ። ትርጓሜ የተማሩ ሰው ስለሆኑ አንዱን ቃል አንድም አንድም እያሉ እስከ ምሽት ያገላብጡታል ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን፣ አንድም የሚባለው ለመጽሐፍ ነው፣ ለጉድጓድ አንዱ ይበቃል ብለው ጀመሩ። ውሉ ውሃ አለ እንጂ የወንዝ ውሃ አላለም፤ ያልጻፍኩትን ቃል ዛሬ ከየት አመጣዋለሁ አሉ። አንድ ሰው ከሕዝቡ መሐል፣ መሪጌታ ጸሐፊው አንቱ አይደሉም ወይ፣ ምን አስበው እንደጻፉት ይንገሩንና ነገሩ ይለይ አላቸው። መሪጌታም፣ ስጽፍ በልቤ የነበረውማ ምሳዬ ነው፤ ጦም ውዬ ነበር፣ በእሱ ልፍረድ እንዴ አሉት። ሦስት መንደር የተስማማው በልቤ በነበረው ሳይሆን ተነቦለት በሰማው ነው። አንድ ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ለሌባ ሲሆን ሰፊ፣ ለሠራተኛ ሲሆን ጠባብ አይሆንም። ትቅዳ አሉ።

የወሎው አዛውንት በመጨረሻ ተነሡ። እሳቸው ውሉ ሲጻፍ ነበሩ፤ ሹሙ ያሉት እውነት መሆኑን መሰከሩ። “ያን ዕለት ያሰብነው ወንድ ነው፤ አልዋሽም” አሉ። “ግን ወንድ ይቅዳ ልንል አልነበረም የተቀመጥን። ሰነፍ እየተኛ ለፍቶ አዳሪውን እንዳይቀድመው ብለን ነው። ይቺ ልጅ ሰነፍ ናት የሚል ካለ ይነሣ።” የተነሣ የለም። ውሃ ስንልም ውሃ ማለታችን ነው፣ ጠምቶን ነበር ብለው ተቀመጡ።

በመዳኘቱ ሁለት ለአንድ፣ በቃሉ ትርጉም ግን ሦስቱም አንድ ሆኑ። አስቀድሞ መቅዳት ይገባታል ተባለ። ነገር ግን የፈቂ ነገር ከንቱ እንዳይቀር፣ ከቆፋሪዎቹ ማን በየትኛው ሰዓት ይቅዳ የሚለውን መንደሩ ይወስን፣ እዚያ አንገባም አሉ። አንዱ ወጣት፣ እንግዲያው ወረቀቱ ላይ “የቆፈረች” የሚል ይጨመር ሲል መሪጌታ አልፈቀዱም። ዛሬ ብንጨምረው ትናንት አልነበረም ማለታችን ነው፤ ነበር ብለን ፈርደን ስናበቃ እንዴት እንጨምረዋለን አሉ። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ወደ ፈቂ ከረጢት ገባ።

በማግሥቱ ጧት ሹሙ ብቻቸውን ቤታችን መጡ። እኔ ሊቆጡ ነው ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። ተቀመጪ አሉኝና እሳቸውም መደቡ ላይ ተቀመጡ። ባለቤቴ ጠላ ቀዳላቸው። ከዚያ ቀደም ስለ ራሳቸው አንድ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አባታቸው በደጋ ምንጭ እንደነበራቸው ነገሩን። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በምንጩ ተጣሉና ባላባቱ ሊያስታርቅ መጣ። በሌላ ጊዜ ሊዳኝ መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ምንጩ የእሱ ሆነ። እሳቸው ወደ ቆላ የወረዱት ያን ምክንያት አድርገው ነው።

“ልጄ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም” አሉኝ። “ውሃዬን ከውጭ የመጣ ሰው ሲዳኘው የአባቴ ምንጭ ይታየኛል።”

ከመንደሩ ውጭ የሄድኩት ከመንደሩ ውስጥ የሚሰማኝ ስላጣሁ ነው አልኳቸው። እሱ ልክ ነው፣ ጥፋቱ ከእኔ ነው አሉ። ቀጥለውም ተራሽን ራስሽ ምረጪ አሉኝ። ጧት ሲነጋ ያለውን የመጀመሪያውን መያዝ እችል ነበር። እኔ ግን ሦስተኛውን መረጥኩ፤ ከእኔ በፊት ካሉት አንዱ አሮጊት እናቱን የሚጦር ሰው ነበርና። ሹሙ ጠላቸውን ጨርሰው ሲወጡ፣ ለሐሙስ ጥበቃ ተጠርተሻል ብለውኝ ሄዱ።

ሐሙስ ጦር ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ ወባው ለቆት ስለነበር ቤቱን እሱ ያዘ፤ ቀትር ላይ ንፍሮ በአገልግል ይዞ መጣ። ጨው ረስቶታል፤ እኔም ዝም ብዬ በላሁ። እሱ ከወረደ በኋላ ሳይታጨድ ከቆየው የማሽላ ማሳ ውስጥ ብዙ ጥላ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሽፍታ ነው ብዬ ድምፄ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። ከሦስቱ መንደር ሰው ጦርና ጠመንጃ ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ፈቂ እንኳ ጀለብያቸውን ሰብስበው መጡ። ማሳው ሲከበብ ከውስጡ አርባ የሚሆን የዝንጀሮ መንጋ ማሽላውን እንደታቀፈ ወጣ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሹሙ ግን ትንፋሻቸውን ሰብስበው ዝንጀሮዎቹን አዩና፣ ደግ አድርጋለች፣ ማሽላዬን ሲሰርቁ ነው ያገኘቻቸው ብለው ለሁሉም ተናገሩ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ጥርሳቸው ሙሉ እንደነበረ ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁለት ሴቶች ለጥበቃ ወጡ፤ አንዷ ከነጋዴዎቹ መንደር ናት። ጉድጓዱም አንድ ብቻ አልቀረም። ባለቤቴ ከዳነ በኋላ እሱ ከላይ አፈር እየጎተተ፣ እኔ ከታች ድንጋይ እየፈለጥኩ፣ የወሎዎቹ መንደር ድረስ እየተጠራን ቆፍረናል። ሁለት ልጆችም የወለድኩት እዚያው ነው።

መተማ ላይ መድፍ የጮኸበት ጊዜ መጣ፤ በቀትር ነጎድጓድ እየመሰለን ሰማዩን እናይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ለቀቀ፤ የእኛ መንግሥት ዳኛም ወረደ። ወጣት፣ ትሁት ሰው ነበር። እስከ ዛሬ በምን ትዳኙ ነበር ብሎ ጠየቀን። ፈቂ ከረጢታቸውን ፈትተው ወረቀቱን ሰጡት። ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ ከእንግዲህ ነገር ያለው ሰው ወደ እኔ ይምጣ፣ የመንግሥት ሕግ አለ አለን። ሁላችንም እሺ አልን፤ መንግሥት መምጣቱ ደስ ብሎን ነበር። ወረቀቱን መልሶ ሰጣቸውና፣ የጉድጓዱን ተራ ግን እናንተው ጨርሱት፣ እኔ የቆላ ውሃ አላውቅም አለ። ሹሙ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው እጅ ነሡት፤ ለማንም እጅ ሲነሡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።